የበረንዳው ብሎኖች

ባለፈው ሰንበት ሐይቅ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ዓሣ ስጠብቅ፣ ሠራተኞች ውኃው ላይ የተዘረጋውን አሮጌ የእንጨት ወለል ለማንሳት ይታገሉ ነበር። አንደኛው በዛገ ብሎን ላይ ላምባ አንጠባጠበና ካቻቪቴውን ተጭኖ አዞረው። ብሎኑ ሲጢጥ አለ። ያ ድምፅና ያ ሽታ አንድ ላይ መጡብኝ። ዓሣው ቀርቦልኝ ሳልነካው ቀዘቀዘ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ይህችን ከተማ ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ልጨርስ የተቃረብኩ ልጃገረድ ነበርኩ። አባቴ ከአብዮቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በመሞቱ የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። ቤታችን ከሐይቁ ብዙ አይርቅም፤ ፊት ለፊቱ አባቴ በጽድ ሳንቃ ያሠራው ሰፊ በረንዳ ነበረው። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ጽዱ ይሸታል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ የዓሣና የደንገል ሽታ ይዞ ይመጣል።

ከዚያ በረንዳ ስር እኔና እናቴ ብቻ የምናውቀው ነገር ነበር፤ የአባቴ ሽጉጥ። መሣሪያ ያለው ያስረክብ በተባለ ጊዜ እናቴ "እስከ ዛሬ የት ነበር ቢሉኝስ?" ብላ ፈራች። ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ ማስረከቡ ራሱ የሚያስጠይቅ ሆነ። በግራሶ ባራሰችው ጨርቅ ጠቅልላ ከአንዱ ሳንቃ ስር ከተተችውና ብሎኖቹን መልሳ አጠበቀች። በኋላ አውጥታ ሐይቅ ውስጥ ልትጥለው ብትሞክር፣ ክረምቱ ብሎኖቹን አዝጎ አጣብቋቸዋል። ካቻቪቴው እየተንሸራተተ ጭንቅላታቸውን ላጠው እንጂ አንዱም አልነቃነቅ አለ። ጎረቤት እንዳይሰማ ፈርታ ተወችው።

ሰውየው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀበሌው ከበረንዳው ጋር የተያያዘውን ክፍል ትርፍ ነው ብሎ ወስዶ ለእሱ አከራየው። "የመንግሥት እርሻ መካኒክ ነኝ" አለን። ቀጠን ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። እናቴ ግን አላመነችውም። "መካኒክ ከሆነ ጥፍሩ ስር ግራሶው የት አለ?" ትለኝ ነበር በሹክሹክታ። ክፍሉን ለአፍታ ሲወጣ እንኳ ይቆልፋል። የቀበሌው ሊቀ መንበር መንገድ ላይ ሲያገኘው ጨብጦት ወደ ጎን ይወስደዋል። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ሬዲዮ እንኳ የሚከፈተው ዝቅ ብሎ ነበር። ስስቅ ራሱ በምን እንደሳቅሁ መልሼ አስብ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የዕቃ ሳጥኑን ይዞ በረንዳው ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ ይኼ ወለል በስብሷል። ሰው ሳይሰብር ልጠግነው፤ ቀበሌውም ፈቅዷል።"

"ምን አደከመዎት? ለእኛ ይበቃናል፤ ይተዉት" አለች እናቴ።

"ግድ የለም፣ የእረፍት ቀኔ ነው።"

ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረ። ብሎኑን ላምባ ያጠጣዋል፤ በመዶሻ ጭንቅላቱን ቀስ አድርጎ ይመታዋል፤ የተላጠ ከሆነ ከብስክሌት ጎማ የቆረጣትን ላስቲክ ከካቻቪቴው ጫፍ ስር አድርጎ ይጫነዋል። እምቢ ያለውን በብረት መጋዝ አዲስ ስንጥቅ ያወጣለታል። እናቴ ወንበር አውጥታ ልክ በዚያ ሳንቃ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ጀመር። ከሰዓት በኋላ እሷ ጋ ደረሰ።

"እትዬ፣ ትንሽ ይነሱልኝ።"

ተነሳች። አጎንብሶ ብሎኖቹን በጣቱ ዳሰሳቸው።

"እነዚህን ሰው ነካክቷቸዋል" አለ።

"ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና፤ ድሮ።"

"የድሮ እንኳ አይመስልም። ጭረቱ ገና ያብረቀርቃል።"

ላምባውን አንጠባጠበና "ሲጠጣ ይደር፤ ነገ ይፈታል" ብሎ እጁን ታጥቦ ወጣ። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት፤ ወደ ቀበሌው ታጠፈ። ሲመለስም በሩን ከፍቶ በረንዳው ላይ ስላመሸ ሳንቃውን መንካት አልቻልንም።

እሑድ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሳትሄድ ቀረች። እሱ ሥራውን ሲቀጥል የመጀመሪያው ብሎን እምቢ አለ። በሙሉ ክብደቱ ሲጫነው ካቻቪቴው ተንሸራቶ የግራ መዳፉን በሳው። ደሙ ሳንቃው ላይ ተንጠባጠበ። እናቴ፣ ጠዋቱን ሙሉ ዓይኗን ከእጁ ያልነቀለችው ሴት፣ "እኔን ልጄን!" ብላ ተንደረደረች። ቁስሉን በአረቄ አጠበች፤ የነጠላዋን ጠርዝ ቀዳ አሰረችለት። አንቱታውን ረስታው "እናት አለችህ?" አለችው።

"ነበረችኝ" አለ፣ አንገቱን እንደደፋ።

ትንሽ ቆይቶ "እትዬ፣ ውኃ ያፍሉልኝ። እህትም ከምድጃው ፍም ታምጣልኝ፤ ብሎኑን ላግለው" አለ። ሁለታችንም ወደ ማድቤት ገባን። ውኃው ፈልቶ ስንመለስ፣ ፍሙን ሳይጠብቅ ሳንቃውን አንስቶታል። ከስሩ ግራጫ አፈርና የሸረሪት ድር ብቻ ነበር። እናቴ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ጥቅሉን በዓይኗ ፈለገች።

"አይጥ ነው ያለው፤ ሌላ የለም" አለ ሳያየን። ሳንቃውን መለሰ፤ ብሎኖቹን ግራሶ ቀብቶ አጠበቃቸውና ሳጥኑን አንጠልጥሎ ወጣ።

"ይዞላቸው ሄደ" አለች እናቴ። የወርቅ ጉትቻዋን አውልቃ መዳፌ ላይ አደረገችው። "ከወሰዱኝ ሻሸመኔ አክስትሽ ጋ ሂጂ። የማውቀው የለም በይ።" ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ያ ባዶ ጆሮዋ ይታየኛል።

አመሻሹ ላይ ብቻውን ተመለሰ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነበር። "እንደምን አመሻችሁ" ብሎ ገባ። እኛ ልብሳችንን ሳናወልቅ አደርን።

ሰኞ ማለዳ ሊቀ መንበሩ የአብዮት ጥበቃዎቹን አስከትሎ መጣ። ቤቱን አልፈተሹም፤ ቀጥታ ወደ በረንዳው ነው የሄዱት። ሰውየው በታሰረ እጁ ወጣና ተንበርክኮ ራሱ ፈታላቸው። ብሎኖቹ ያለ ድምፅ ወጡ። አፈሩን በብረት ወጋጉት። ምንም አልነበረም።

ሊቀ መንበሩ ወደ ሰውየው ዞረ። "ጓድ፣ ብሎኖቹ ተነካክተዋል፣ ከስር የተደበቀ ነገር አለ ብለኸን አልነበረም?"

"ብዬ ነበር። ስፈታው ያገኘሁት የአይጥ ጉድጓድ ነው። ተሳስቻለሁ።"

ሊቀ መንበሩ እኛን አላየንም፤ እሱን ግን ረጅም ጊዜ አየው። "እንተያያለን" ብሎ ወጣ።

ሰውየው ሳንቃውን ሊገጥም ጎንበስ ሲል እናቴ አጠገቡ ቆመች። "ለምን?" አለችው። ለምን ጠቆምክብን ማለቷ ይሁን ለምን አዳንከን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"እትዬ፣ ይኼ ሳንቃ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላችኋል" አለና ሳንቃውን ገጠመ።

ከዚያ በኋላ ወደድነው ብልህ እዋሽሃለሁ። "ዛሬ ያዳነን ነገ ቢሸጠንስ?" ትል ነበር እናቴ። በእኔ እጅ ምግብ ትልክለታለች፤ እሱ ፊት ግን ወሬ አታወራም። እሱም ይገባው ነበር መሰለኝ፣ ሳህኑን በሁለት እጁ ተቀብሎ ቶሎ በሩን ይዘጋል።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አንድ መኪና በራችን ላይ ቆመ። ሰውየው በሁለት ሰዎች መካከል ተቀምጦ ሄደ። አንዳንዱ ተዛወረ አለ፣ አንዳንዱ ደግሞ ታሰረ አለ። ክፍሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆለፍ ቀረ። እናቴ ማንንም አልጠየቀችም፤ በዚያን ጊዜ ሰው የት ገባ ብሎ መጠየቅ ራሱ ያስጠረጥር ነበር። ደርግ ሲወድቅ ቀበሌው ድረስ ሄዳ ጠየቀች፤ የሚያውቀው ሰው አላገኘችም። አገሩ የት እንደሆነ እንኳ ልትነግራቸው አልቻለችም፤ አብሮን ሲኖር ጠይቀነው አናውቅም።

በስተርጅናዋ፣ ምሳ ቀርቦ ገና ስትቆርስ እጇ ይቆም ነበር። "ያ ልጅ እህል ቀምሶ ይሆን?" ትለኛለች።

"በልቷል እማዬ" እላታለሁ።

ያኔ ነበር የምትጎርሰው።