የቪድርኒክ ኩሬ ክር

ቦሁሚላን ስለ አልጌ አትጠይቋት፤ መልሷ ሳያልቅ ራታችሁ ይቀዘቅዛል። በደቡብ ቦሄሚያ የዓሣ ኩሬዎች ምርምር ጣቢያ ውስጥ ማይክሮስኮፖቻችን ጎን ለጎን ናቸው፤ ዕድሜያችንን አጎንብሰን ጨረስነው። የእሷ ድርሻ ውሃ ውስጥ እንደ ክር የሚበቅሉት ቢጫማ አረንጓዴዎቹ ናቸው። አንድ ጠብታ አዮዲን ጠብ ስታደርግበት ተራው አረንጓዴ ይጠቁራል፣ የእሷ አይጠቁርም። እዚህ ድረስ እኔም እችላለሁ። ዝርያውን መለየት ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ክሮቹ ፍሬ እስኪያወጡ ድረስ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። መጠበቅ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ ሰውን ያስረጃል።

ተወልዳ ያደገችበት የቪድርኒክ ኩሬ ለመንገድ ተብሎ በአፈር ሊሞላ ሲል ከጭቃው አንድ እፍኝ ክር ይዛ መጣች። ከሌላው ወፈር ይላል። "አዲስ ዝርያ ነው" አለችኝ። "በኩሬው ስም እጠራዋለሁ።" አባቷ በየመከሩ ዓሣ ለማጥመድ ውሃው ሲለቀቅ መረብ የጎተቱበት ኩሬ ነው። አሁን ከአረጋውያን ቤት ሆነው በየእሁዱ "ስሙ ወጣ?" ይሏታል።

ክሩ ግን ጣቢያው ውስጥ ፍሬ አላወጣም አለ። በመጨረሻ ቤቷ ወሰደችውና ሰው ለቅዝቃዜው ብሎ ቅቤና የተረፈ ሾርባ በሚያስቀምጥበት በድርብ መስኮቱ መስታወቶች መሃል አኖረችው። ባሏ ኦታካር የበረዶውን ወራት ሙሉ አጉረመረመ። "የሰው ሚስት ዓሣ ታቀርባለች፤ የኔዋ ዓሣው የተኛበትን ጭቃ።"

ብርዱ ሠራ፤ የካቲት ላይ ፍሬ አወጣ። ጣቢያው አምጥታ አየችውና ወንበሩን ለቀቀችልኝ። እኔም አየሁ፦ ሁለት ክብ የእንቁላል ከረጢት፣ በመሃላቸው የተቆለመመ ቀንድ። በየቦዩ ያለው ተራው ዝርያ ነው።

"ቀንዱ ትንሽ ይረዝማል" አልኳት።

"አይረዝምም፣ ዝደንካ።"

"ክሩ ይወፍራል፤ በቃ እሱን ጻፊ። በዚህ አገር ከአንቺ ሌላ የሚለየው የለም። ማን ያጣራብሻል?"

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። "ማንም። ለዚህ አይደል እንዴ የማልችለው?"

ተናደድኩባት። ግትር ናት፤ ግትርነቷን ደግሞ እወድላታለሁ። እሁድ ብቻዋን እንዳትሄድ አብሬያት ሄድኩ።

"ስሙ ወጣ?" አሉ አባቷ።

"ድሮም ስም ነበረው፣ አባዬ። የኛ ብቻ አይደለም። በየቦዩ፣ በየኩሬው አለ።"

አዛውንቱ ከትራሱ ቀና አሉ። "በየኩሬው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ኩሬው ቢደፈንም ክሩ አልጠፋማ" አሉና ለእንቅልፍ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቦሁሚላ ካፖርቷን ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እንሂድ ስላት የአባቷን ብርድ ልብስ ታስተካክል ጀመር።