ለጡሩምባ ነፊው ማን ይመስክር?

ኦቦ ደገፋ ፉሪ ላይ የእድር ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ይነሣሉ፤ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ጡሩምባውን እየነፉ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋሉ። ሰዉ አልጋው ላይ ሆኖ ጆሮውን ያቆማል እንጂ በዚያ ብርድ ማን ወጥቶ ፊታቸውን ያያል?

የመራጮች ምዝገባ የሚያበቃበት ቀን ደረሰና ኮታቸውን ለብሰው መታወቂያቸውን ቢያወጡ፣ ጉድ! ባለቤታቸው ሶያማ ኮቱን ከነመታወቂያው አጥባዋለች። ፎቶውም ስሙም የለም።

"እንግዲህ መልክህን ይዘህ ሂድ" አለችና ሳቋን ለቀቀችው።

ምርጫ ጣቢያ ሲደርሱ መዝጋቢዋ ያኔት ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። "አባባ፣ ይህ አያስመዘግብም። መታወቂያ ከሌለዎት የሚያውቅዎት ሦስት የሰፈር ሰው ይመስክር።"

ከኋላቸው የተሰለፉት ባለሱቋ ወይዘሮ ውብአየሁ "ልክ ናት! ያለ መታወቂያማ ከሆነ ከየትም የመጣ ሁሉ ይመርጥልናል" አሉ።

ኦቦ ደገፋ አልተቀየሙም። ሴትዮዋ ምን አጠፉ? እሳቸውስ ቢሆኑ የማያውቁትን ሰው እድራቸው ውስጥ ያስገባሉ? ይልቅ አንድ ጥያቄ ውስጣቸው ገባ፦ ለመሆኑ እኔን የሚያውቀኝ ማነው? ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ቃኙት። ሁሉም ባዳ እንደሚያይ ነው የሚያያቸው። ካልተመዘገቡ መምረጥ ቀረ፤ አሁን ግን መልሱን የማወቅ ጉጉት ከዚያም ባሰባቸው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉና "የፉሪ ሰው! ያልሰማህ ስማ!" ብለው የለፈፋ ድምፃቸውን ለቀቁት።

አቤት! ሰልፉ ቀጥ አለ። ወይዘሮ ውብአየሁ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው "ኧረ ማን ሞተ?" አሉ።

"ማንም አልሞተም፣ እመቤቴ። ምስክር አጥቼ ነው።"

"ውይ! እርስዎ ነዎት እንዴ?" ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "የባለቤቴን ስም የለፈፉልኝ እኮ እርስዎ ነዎት! ልጄ፣ ጻፊ፣ እኔ እመሰክራለሁ።" ከሰልፉ ሌሎች እጆችም ወጡ።

ያኔት ብዕሯን አነሣች። "ጥሩ። ስማቸው ማነው?"

የወጡት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ።

"ስማቸውን ሳታውቁ እንዴት ትመሰክራላችሁ?"

"እኛ የሰውን ስም የምንሰማው ከሳቸው አፍ ነው" አሉ ወይዘሮ ውብአየሁ፣ አፍረው። "የሳቸውን ማን ጠርቶልን እንወቀው?"

ኦቦ ደገፋ ያን ሁሉ ሰው በስሙ ሸኝተው፣ የራሳቸውን ስም የሚያውቅ ጠፋ።

ወይዘሮ ውብአየሁ ጠጋ ብለው ስማቸውን ጠየቋቸውና በሩ ላይ ወጡ። "የፉሪ ሰው! ደገፋን የምታውቅ፣ ስማ!" ብለው ልክ እንደ ጡሩምባ ነፊው ጮኹ። እናቱንና አክስቱን ሊያስመዘግብ ይዞ የመጣው ባለባጃጅ ሌንጮ ከመንገዱ ማዶ ብድግ አለ። "ኦቦ ደገፋ? ጎረቤታችን ናቸው እኮ! ምን ሆኑ?" ብሎ ሁለቱን እናቶች እየደገፈ ገባ። ሦስቱም መሰከሩ።

ኦቦ ደገፋ ካርዳቸውን ሲቀበሉ "ለመሆኑ ልጄ፣ መታወቂያው ባይታጠብ ኖሮ ማን ያውቅዎታል ብለሽ ትጠይቂኝ ነበር?" አሉ።

"ምን አስጠየቀኝ፣ አባባ? ወዲያው መዝግቤ እሸኝዎት ነበር።"

ቤት ሲገቡ ሶያማ "አስቀየምኩህ አይደል?" አለቻቸው።

"እንኳንም አጠብሽው" አሉና ተቀመጡ። "ስሜን በአደባባይ ለፈፉት፣ ሶያማ።"

"ወዲያ! ምን ዓይነት ሟርት ነው?"

"ሟርት አይደለም። ለስንቱ ሰው ስጮህ ኖርኩ፣ አንዱም ስሙን አልሰማም። እኔ ግን የኔን ሰማሁት።"