የአባቴ ካፖርት በእህቴ ልክ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ወጥቼ ሰበታ ላይ ታክሲ ስጠብቅ፣ መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፎ አዲስ ቦንዳ ከፈታ ልጅ አጠገብ ቆሜ ነበርና፣ ያ መድኃኒትና እርጥብ ካርቶን የተቀላቀሉበት የሚመስል የሳልባጅ ልብስ ሽታ አፍንጫዬን ሞልቶ ሱሉልታ ወዳደግኩበት ቤት መለሰኝ። የኛ ልብስ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚሸተው፤ እናቴ ደጋግማ አጥባ ብታሰጣውም ሽታው ከስፌቱ ውስጥ አይወጣም ነበር።

አባቴና እናቴ ከሆሳዕና አካባቢ ሥራ ፍለጋ መጥተው፣ ከኦቦ ደበላ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተው ነበር የሚኖሩት። አባቴ በጫንጮ መንገድ ካለ የድንጋይ ማውጫ ድንጋይ ሲፈልጥ ይውላል፣ እናቴ ደግሞ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ካርቶን ስታነሳ ትውላለች። ማታ ሁለቱም ሲገቡ ጫማቸውን ለማውለቅ እንኳ አቅም አጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። እኔና ታላቅ እህቴ ታደለች ያን ዝምታ ስለምናውቀው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጠብቃቸው ነበር።

ክረምት ላይ ሜዳው ሁሉ ውሃ ይይዝና የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ሰንብቶም አይደርቅ ስለነበር፣ ግማሽ እርጥቡን ለብሰን ገላችን ላይ እናደርቀው ነበር። መስከረም ሲጠባ ትንሽ ፀሐይ እናገኛለን፤ ከመስቀል በኋላ ግን ነፋሱ ይጀምራል፣ ኦቦ ደበላም ሣሩን አጭደው ድርቆሹን ይከምራሉ፣ ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሲመጣ ሜዳው ጠዋት ጠዋት ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ይታያል። አባቴ በዚያ ብርድ ክፍት አይሱዙ ላይ ቆሞ ስለሚሄድ፣ በሁለት ሸሚዝ መሃል ፌስታል ደረቱ ላይ እየለጠፈ ነበር የሚወጣው።

ታደለች ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቷ ሲሆን፣ ልብስ የሚገባት ልጅ ነበረች። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሴቶች ከሚኒባስ ሲወርዱ ቆማ እያየች፣ የኮሌታውን አቆራረጥ፣ የሱሪውን ጥበት በዓይኗ ይዛ ትመጣና፣ አንገቱ የሰፋ የሳልባጅ ሹራብ በመርፌ ብቻ አጥብባ የዘመኑን ፋሽን ታስመስለው ነበር። በዚያ ዓመት ወገቡ ላይ በቀበቶ የሚታሰር አጭር ካፖርት ነበር የሚለበሰው። የጸሎት ቤታችን መዘምራን ደግሞ ለገና ቡራዩ ተጋብዘው ስለነበር፣ አብራ የምትዘምረው ታዴ ምን ለብሼ ልሂድ እያለች እናቴን በየማታው ትጨቀጭቃት ጀመር።

አንድ ማታ እናቴ አንድ እግር ጫማዋን ብቻ አውልቃ ጋደም እንዳለች፣ ታዴ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት። እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ «አልጋ ሥር ማዳበሪያው ውስጥ አለ፤ እሱን ልበሺ» ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ማዳበሪያው ውስጥ ከእናቴ ቀይ ሹራብ በላይ ተጣጥፎ የተቀመጠ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ግራጫ የወንድ ካፖርት ነበር። ታዴ አውጥታ ፊቷን ቀበረችበት።

በማግስቱ ከኦቦ ደበላ ሚስት መቀስ ተውሳ፣ ካፖርቱን ወለል ላይ ዘርግታ አሳጠረችው፣ ወገቡን አጠበበችው፣ ከተቆረጠው ጨርቅም ቀበቶ አወጣችለት። እናቴ ስትገባ ታዴ ለብሳው መሃል ቤት ቆማ ነበር።

«ታዴ፣ ምንድን ነው የቆረጥሽው?»

«ካፖርቱን ነዋ! ልበሺ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «እኔ ሹራቡን ነው ያልኩሽ። እሱ የአባትሽ ነው፤ ለገና ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት።»

ለመቆጣት እንኳ ጉልበት አልነበራትም። ታዴ ሳታወልቀው አባቴ ቅንድቡ በድንጋይ አቧራ ነጭቶ ገባና በር ላይ ቆሞ አያት።

«እስቲ ዙሪ» አላት። ዞረች። «ማን ሰፋልሽ?»

«እኔ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። «አባዬ፣ ያንተ ነበር። ላንተ የተገዛ መሆኑን ሳላውቅ ነው የቆረጥኩት።»

አባቴ እናቴን አየ፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። በተሰነጣጠቀ አውራ ጣቱ የካፖርቱን ጠርዝ ዳሰሰና «ለኔማ ይረዝምብኝ ነበር» አለ። ካፖርቱን ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት።

ጠዋት ታዴ ቀድማው ተነስታ ካፖርቱን ይዛ በር ላይ ቆመች። «አንተ ካልለበስከው እኔ ቡራዩ አልሄድም።» ብዙ ተከራከራት፤ በመጨረሻ ለበሰው። ትከሻውን ስላልነካችው ልኩ ነበር፣ ቁልፎቹ ግን አልገናኝ ስላሉት ቀበቶውን ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ላሞቻቸውን የሚያወጡት ኦቦ ደበላ «አካም ቡልተን» ብለው ሰላም ካሉን በኋላ አባቴን ከላይ እስከ ታች አዩትና «አንተ፣ ይሄ ደግሞ የዘንድሮ ፋሽን ነው?» አሉት።

«አዎ ኦቦ፣ ልጄ ናት የሰፋችው። እርስዎም ካማረዎት ትስፋልዎት» አላቸው።

ሥራ ቦታ «ሙሽሪት መጣች» ብለው ሲስቁበት እንደዋሉ ማታ ራሱ እየሳቀ ነገረን። ከዚያ ወዲያ ካፖርቱ በሥራ ቀን የአባቴ፣ እሑድ የታዴ ሆነ፤ ቅዳሜ ማታ እናቴ ደጅ አውጥታ አቧራውን ታራግፈው ነበር። ለገና ቡራዩ ስንሄድ የዚያ መዘምራን ሴቶች ታዴን ከበው ከየት እንደገዛችው ጠየቋት፤ «ሱሉልታ» ብቻ አለቻቸው። እያጨበጨበች ስትዘምር ከእጅጌዋ ነጭ አቧራ ሲቦን ግን እኔ አይቻለሁ። ካፖርቱ የበልግ ዝናብ ሳይጥል ክርኑ አለቀ።

አሁን እኔም የራሴን ቤተሰብ ይዤ ሰበታ እኖራለሁ። ልብሳችን ከቁም ሣጥን ተርፎ ወንበር ላይ ይከመራል፣ ልጆቼ የሚፈልጉትን ጃኬት ከስልክ ላይ መርጠው ያስመጣሉ። ያ ብርድ እንዲመለስ አልመኝም፤ ማንም እንዲያ እንዲበርደው አልፈልግም። ግን ያኔ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ማን ምን እንደለበሰ፣ ማን እንደሚበርደው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ዛሬ ልጄ ምን ለብሳ እንደወጣች ቢጠይቁኝ፣ እንጃ፤ እኔ ቀድሜ ወጥቻለሁ።