የሕያዋን እድር

ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ስሄድ ከሰቆጣ የወጣሁት ገና ጎህ ሳይቀድ፣ በወልድያው አውቶቡስ ነው። ልጄ ስንዱ «መናኸሪያ ድረስ ልሸኝሽ» ብላ መጣች። በመድኃኒቱ ጠጉሯ ረግፎ ስለነበር ነጠላዬን ጭንቅላቷ ላይ ጠመጠምኩላትና ያለ ነጠላ ተሳፈርኩ። የደም ካንሰር ነው ብለውናል። አባቷ ሞቷል፤ መድኃኒቱ ግን አለ፣ የሚገዛው ከተገኘ። እናንተ ዘንድ «አገር ጠልታ ኮበለለች» የሚል ካለ ይህን ንገሩልኝ።

ሪያድ ውጭው ምድጃ ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የማቀዝቀዣው ማሽን የሰቆጣን የነሐሴ ብርድ ያስንቃል። የምሠራላት ማዳም ሽሮዬን አሽትታ «ይሄ አፈር ምንድን ነው?» አለችና ደፋችው። ልጄ ካንሰር እንዳለባት ስነግራት ደግሞ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ጣለችው።

«በስልክ አይተላለፍም፣ ማዳም» አልኳት።

ስልኩንም በአልኮል አስወለወለችኝ።

እህቴ ጋ የቀረችው ስንዱ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። አባቷ ሲሞት እድሩ ድንኳኑንም ንፍሮውንም ይዞ ከች ብሎ ነበር። እሷ ስትታመም ዝር ያለ የለም። የእድሩ ዳኛ ቤት ሄዳ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ እኔ ዘንድ የሚመጡት ስሞት ነው?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ደንባችን ለሞተ ነው።»

«እንግዲያው ለታመመው እኔ አቋቁማለሁ።»

የክፍሏን ልጆች ሰብስባ አቋቋመች፤ ስሙንም «የሕያዋን እድር» አለችው። ከፃግብጂ ገጠር ብቻውን የመጣ በሽተኛ ካለ ተራ ገብተው ሆስፒታል አብረውት ይቀመጣሉ፣ ውሃ ያቀብላሉ፣ ወደ ወልድያ ሲላክም አውቶቡሱ ድረስ ይሸኛሉ። አሁንማ ዳኛውም ተራ ይዘዋል አሉ።

ሕመሙ ሲያገረሽባት ፓስፖርቴን በያዘው አሠሪዬ፣ በካፊሉ ፊት ቆሜ ፈቃድ ጠየቅኩ።

«ሞተች?» አለኝ።

«አልሞተችም። ሳትሞት ልያት ነው።»

«ስትሞት ንገሪኝ፤ ለለቅሶ ፈቃድ እሰጥሻለሁ።»

ጥሩ የእድር ዳኛ ይወጣው ነበር።

ዓርብ ደወልኩላት። ድምጿ ሰልሏል። አጠገቧ አንዲት ልጅ «ቀና በይ፣ ጠጪ» ስትላት ይሰማኛል።

«ማናት?»

«የዛሬ ተረኛዬ ናት።»

ቀናሁ። የሌላ ሰው ልጅ ልጄን ውሃ ስላጠጣች ቀናሁ።

«በይ እኔንም መዝግቢኝ፤ በየወሩ እልካለሁ።»

አንድ ጊዜ ተጎነጨች።

«እማ፣ በብር አባል አይኮንም። በአካል መጥቶ የሚቀመጥ ብቻ ነው።»

«እናትሽም ብትሆን?»

«ደንቡን ሳወጣው አንቺን እያሰብኩ ነበር።»

ማዳም ከውስጥ ትጣራለች። ስልኩን አልዘጋሁትም፤ ልጄ ውሃዋን እስክትጨርስ አዳመጥኩ።