ሳልወርድ ያለፍኩበት መንገድ

በእኛ አገር ሰው በቅሎ ላይ እንደተቀመጠ ቤተ ክርስቲያን አያልፍም። ይወርዳል፣ ይሳለማል፣ ጥቂት በእግሩ ሄዶ እንደገና ይቀመጣል። በዕድሜ ታላቁን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝም እንዲሁ ነው። አባቴ «በቅሎ ላይ ሆነህ ሽማግሌ ብታልፍ በቅሎዋም ታፍርብሃለች» ይለኝ ነበር። በቅሎዋ ማፈሯን እንኳ አላውቅም፤ እኔ ግን ቃሉን ይዤ ኖርኩ። ኋላ በቅሎው ቀርቶ ብስክሌት ስገዛ ልማዱም አብሮኝ ወደ ብስክሌቱ ተሻገረ።

የመንዝ ሜዳ ለብስክሌት የተሠራ ነው ብል የሚቆጣኝ ያለ አይመስለኝም። ገደሉን አፋፉ ላይ እስክትደርስ አታየውም፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ዝርግ ነው። ገብስ፣ ሣር፣ በግ፣ ደግሞ ገብስ። የሚያስቸግረው ነፋሱ ብቻ ነው። ስትሄድ ከፊት መጥቶ ደረትህን ይገፋል፤ ስትመለስ ይገፋኛል ብለህ ተስፋ ስታደርግ ዞሮ እንደገና ከፊትህ ነው። እኔ ባና ሠሪ ነኝ። ባለቤቴ የበጉን ፀጉር ትፈትላለች፣ እኔ ብርድ ልብሱን እሠራለሁ። የተሠራውን ጠቅልዬ ብስክሌቱ ላይ እጭንና ከመሐል ሜዳ ሞላሌ፣ አንዳንዴም እስከ ሰላ ድንጋይ ድረስ ይዤ እሄድ ነበር። ሰላ ድንጋይ ስደርስ ብስክሌቴን ከአንድ አሮጌ የድንጋይ ግንብ አስደግፌ፣ ጥጉ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቆሎዬን እበላለሁ። የጥንት መኳንንት ያሠሩት ነው ይላሉ። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ነፋስ ማስቀረቱ ነው።

ታዲያ በዚህ ሜዳ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ነው። አንዱን ተሳልመህ ፔዳሉን ገና ሳትረግጥ የሚቀጥለው ደብር ዛፍ ብቅ ይላል። የገበያ ሰዎች «የእሳቸው ብስክሌት ከሚሄደው የሚቆመው ይበዛል» እያሉ ያሾፉብኛል። አንዱ ነጋዴማ «አባባ፣ ለምን ገመድ አስረው አይጎትቱትም?» ብሎኛል። ስቄ አለፍኩት። የሚያስቸኩለኝ ነገር አልነበረም።

የቸኮልኩት አንድ ቀን ነው፤ እሱም በባለቤቴ ምክንያት ነው።

ባለቤቴ የተወለደችበት ደብር ማርያም ናት። ከመኪናው መንገድ ወጣ ብላ፣ ሜዳው መሐል በጽድ ተከባ የምትታይ። እናትና አባቷ ያረፉትም እዚያው ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ለአስተርዮ ማርያም፣ ታቦቷ ትነግሣለች። ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ ከዚያ በዓል ቀርታ አታውቅም ነበር። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ግን ቀረች። ዓምና ቀረች፣ ካች ዓምናም ቀርታለች። ዓምና በበዓሉ ለት ደጃፍ ላይ ፊቷን ወደዚያ አዙራ ተቀምጣ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

«ምን ሆንሽ?» ስላት፣

«ነፋሱ ነው» አለችኝ።

ያን ለት ነፋስ አልነበረም።

ዘንድሮ ጥር ሲቃረብ ማታ እራት በልተን ስንጨርስ፣ «ማርያም ስትወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ልያት። ከዚያ ወዲያ ሁለተኛ አልጠይቅህም» አለችኝ። ይሄ «ሁለተኛ አልጠይቅህም» የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ከጎረቤት በቅሎ ለመንን፤ ሰጡን። ግን እግሯን አንስታ ኮርቻው ላይ መቀመጥ አቃታት። ባጃጆቹ ቤንዚን ጠፍቶ ቆመዋል። ቢሄዱም እስከ መገንጠያው ነው፤ ከዚያ ወዲያ የእግር መንገድ ነው።

«ብስክሌቱስ?» አልኳት።

«ሰው ምን ይለኛል? አሮጊት በብስክሌት!»

«ሽማግሌው ሲነዳስ ምን አሉ?»

«አንተንማ ድሮም ጤና የለውም ነው የሚሉህ።»

ስቃ ጨረሰችው። ስትስቅ እሺ ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ።

በበዓሉ ማለዳ አንድ ባና አጣጥፌ ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ላይ በጠፍር አሰርኩ። ጎማውን ነፋሁ፣ ፍሬኑን አጠበቅሁ፣ ካቴናውን ዘይት ቀባሁት። እሷ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ወጣች። ብስክሌቱን ከደጃፉ መደብ አስጠግቼ ያዝኩላት። መደቡ ላይ ተቀመጠችና ቀስ ብላ ወደ ባናው ተንሸራተተች፤ ሁለቱንም እግሯን ወደ አንድ ወገን አደረገች።

«ያዢኝ» አልኳት።

«ምንህን ልያዝ?»

ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን ምኔን እንደምትይዝ ጠፋት። በመጨረሻ ቀበቶዬን ያዘች።

ውርጩ ገና አልለቀቀም ነበር፤ ሣሩ ነጭ ነው። ትንፋሿ ጀርባዬን ያሞቀኛል። «እንዴት ነው?» ብላት «መሬቱ ይሮጣል» አለችኝ፤ እንደ ልጅ።

ከከተማው እንደወጣን የሚካኤል ዛፍ ታየ። እጄ እኔን ሳይጠይቅ ፍሬኑን ያዘ። ወረድኩ፣ እሷንም ደግፌ አወረድኳት፣ ተሳለምን። መልሶ ማስቀመጡ ነው ጭንቁ። መንገድ ላይ መደብ የለም። ከፍ ያለ ድንጋይ ፈልገን አገኘን። ድንጋዩ ላይ ለመውጣት ጉልበቷን ስታጥፍ ከንፈሯን ነከሰች።

ጥቂት ሄደን አንዲት ምርኩዝ የያዙ ባልቴት ከፊታችን መጡ። ወረድን። «እንኳን አደረሳችሁ» አሉና ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ምነው ልጄ፣ በብረት ላይ ተጭነሽ?» ከዚያ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ውርጭ ስለመታው ገብስ። እንደገና ድንጋይ ፍለጋ።

ወዲያ ማዶ ደግሞ አንድ በቅሎ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ መጡ። እኔ ስወርድላቸው እሳቸውም ለእኔ ሽበት ወርደው ኖሯል።

«ይቀመጡ እንጂ» አልኳቸው።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ኧረ በማርያም!»

«እርስዎ ሳይቀመጡማ አላደርገውም!»

እንዲህ እየተባባልን በቅሎዋ ሣር መጋጥ ጀመረች። ባለቤቴ የብስክሌቱን መሪ ተደግፋ አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ ቆማለች። ያኔ ነው ነፋሱ የከበሮ ድምፅ ያመጣው።

«ወጥታለች መሰለኝ» አለች ቀስ ብላ።

በየትኛው ድንጋይ እንዳስቀመጥኳት አላስታውስም። ታቦቷ ወጥታ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ዞራ፣ ዝማሬው ሲያልቅ ትገባለች። ከገባች ደግሞ እስከ ከርሞ የለችም። ደብሩ ይታየናል፤ ግን ሜዳ ሩቁን ቅርብ ያስመስላል። ፔዳሉን ረገጥኩ። የእኔም ጉልበት የሰው ጉልበት ነው፤ ነደደኝ።

መገንጠያው ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ አንድ ጋቢ የተከናነቡ አዛውንት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አወቅኋቸው። የባለቤቴ አገር ሰው ናቸው፤ በሠርጋችን ለት እሷን ወደ እኔ ቤት ካጀቧት አንዱ። ወደ በዓሉ ተነሥተው እግራቸው እዚያ ላይ አልሄድ ስላላቸው ከሩቅ ከበሮውን እየሰሙ ነው። እሳቸውን ሳልወርድ ማለፍ እንዴት ይሆናል? ፍሬን ያዝኩ። አንድ እግሬን መሬት ላይ አደረግሁ። ከኋላዬ ባለቤቴ ቀበቶዬን ጨበጥ አደረገችው። «ደግሞ?» አለች፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

አዛውንቱ ዱላቸውን አነሡ። «እንዳትወርድ!»

«አባቴ፣ እንዴት ብዬ...»

«ከኋላህ ያለችው ሚስትህ አይደለችም?»

«ነች።»

«በዚሁ መንገድ በበቅሎ አድርገን አምጥተን ሰጥተንሃል። ያኔ እነዚያ ሁሉ ሽማግሎች በተቀመጡበት ስታልፍ ወርዳ ነበር?»

«አልወረደችም።»

«እኮ! ሙሽራ መንገድ ላይ አትወርድም። ሽማግሌው ነው የሚነሣላት።»

ይህን ብለው ዱላቸውን ተክለው ተነሡ። ለመነሣት ጊዜ ወሰደባቸው፤ ሁለቴ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ ልደግፋቸው እንዳልወርድ ከልክለውኛል። ቀጥ ብለው ሲቆሙ «እለፉ!» አሉ። «የማርያምን ደጅ ለእኔም ሳሙልኝ።»

በሕይወቴ ታላቄን ብስክሌት ላይ ሆኜ ያለፍኩት ያኔ ብቻ ነው። ራሴን ዝቅ አድርጌ ፔዳሉን ረገጥኩ። ባለቤቴ አንድ እጇን ከቀበቶዬ ላይ ስታነሣ ተሰማኝ።

«ነፋሱ ነው» አለች፣ ሳልጠይቃት።

ያን ለት በእርግጥ ነፋስ ነበር።

ከዚያ በኋላ የትም አልወረድኩም። የበዓል ሰው መንገድ ሲለቅልን፣ ወጣቶቹ «እማማ፣ አጥብቀው ይያዙ!» እያሉ ሲስቁ፣ እሷም «ፍሬኑ የለም፣ ወዲያ በሉ!» እያለች ስትመልስላቸው ሰማሁ። የማታውቀው ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትቀልድ የመጀመሪያዋ ነው።

ከጽዱ ጋ ስንደርስ ሕዝቡ እንደ ግድግዳ ቆሟል። እኔ ከጀርባ በቀር የሚታየኝ የለም። እሷ ግን ባናው ላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች።

«ጥላዎቹ ይታዩኛል! ወደ ደጁ እየዞሩ ነው። አውርደኝ።»

«እንደተቀመጥሽ እይ፤ እዚህ መደገፊያ የለም...»

«አውርደኝ አልኩህ። እመቤቴ ፊት ተቀምጬ?»

አወረድኳት። ትከሻዬን ይዛ ሄደች፤ ሰዉ ነጭ ፀጉሯን አይቶ መንገድ ከፈተላት። ታቦቷ በፊታችን ስታልፍ እልልታው ጆሮ ያደነቁራል። ባለቤቴ ያ የማይታጠፍ ጉልበቷን እንዴት እንዳጠፈችው አላውቅም፤ ግንባሯ መሬት ነካ። ለማንሣት ግን እኔና ሁለት ሴቶች ታገልን።

ወደ እናትና አባቷ መቃብር ወሰድኳት። እዚያ ያለችውን ራቅ ብዬ ስለቆምኩ አልሰማሁም። ስንወጣ ደጁን ሳመች፤ ጥቂት ተራምዳ ደግሞ ተመለሰችና እንደገና ሳመች።

«ይሄ የአዛውንቱ ነው» አለችኝ።

ስንመለስ ቀስ ብለን ነው። መገንጠያው ላይ ደርሰን አዛውንቱን አላገኘናቸውም፤ ወደ ቤታቸው ገብተው ይሆናል። የተቀመጡበት ድንጋይ ለመቀመጫ የሚመች ሆኖ ስላገኘነው እሷን እዚያ አሳረፍኳት። ጉልበቷን እያሸች ብስክሌቱን ስታይ ቆየች።

«ባናው ሳሳ» አለች።

«ጎረበጠሽ?»

«አጥንቴን ጨረሰው። ለከርሞ ወፈር አድርገህ ሥራው።»

ሁለተኛ አልጠይቅህም ያለችውን እንዳላስታውሳት ፈርቼ ጎማውን የምፈትሽ መሰልኩ።

ይኸው ለከርሞው ባና የበጉን ፀጉር መፍተል ጀምራለች።