የሳተርን አራት ብሎኖች

ሞጆ ላይ ጎማ ላስጠግን ቆሜያለሁ። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሞልቶታል። የጎሚስታው ሬዲዮ ደግሞ ሳተርን ለምትባለው ፕላኔት አዳዲስ ጨረቃዎች እንደተገኙላት ያወራል። ይሄኔ ጋሽ ሰይድ ትዝ አሉኝ፤ አዳማ ጎረቤታችን የነበሩት ጎሚስታ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ሳተርንን ሠርታችሁ አምጡ አሉን። ክብ ቅል ይዤ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። ከአሮጌ ጎማ ሰፊ ቀለበት ቆረጡልኝና፣ ቅሉን እያገላበጡ፣ «እዚያ ሰማይ ላይ ቀለበቱ በምንድን ነው የታሰረው?» አሉኝ።

«በምንም። ዝም ብሎ ይዞራል።»

«ተይ እንጂ ልጄ! የሚዞር ነገር ካልታሰረ ሰው ይፈጃል። ወላሂ እንዲህ አድርጌ አልሰጥሽም!»

ብለምናቸው ባስለምናቸው እምቢ አሉ። ቅሉን በስተው ቀለበቱን በአራት ብሎን ጥብቅ አድርገው አሰሩት።

በማግስቱ መምህሩ ብሎኖቹን እየነኩ፣ «እነዚህስ?» ሲሉኝ ደነገጥኩና፣ «ጨረቃዎቿ ናቸው» አልኩ። አስር ከአስር ሰጡኝ።

እየሮጥኩ ሄጄ ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ገና ከሰዓት ነበር፤ ምንም አይታይም።

«እሺ፣ ጨረቃዎቹንስ ማን አጠበቃቸው?» አሉ።

እኔም ከጎናቸው ቆሜ ወደ ላይ አንጋጠጥኩ።

«አልቋል እትዬ፣ መሄድ ይችላሉ» አለኝ የሞጆው ጎሚስታ። ከመነሳቴ በፊት ግን ጎንበስ ብዬ የጎማውን ብሎኖች አንድ በአንድ በእጄ ሞከርኳቸው። ቀና ስል ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ምንም አይታይም።