የአብዶ ቤት የቆመበት ብረት

ሰው ቤት ሊሠራ ሲነሣ መሠረት ይቆፍራል። የከሚሴው ልብስ ሰፊ አብዶ ግን የቤቱን መሠረት ፍለጋ የወጣው በሬ ሊገዛ ገበያ እንደሚወርድ ሰው ዱላውን ይዞ፣ የተጣሉ መኪናዎች ወዳሉበት ግቢ ነበር። ነገሩ የሆነው በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው።

አብዶ የልብስ ሰፊ ልጅ አልነበረም። አባቱ በሰንበቴ ገበያ ስማቸው የተጠራ የከብት ደላላ ነበሩ። ከደጋ የወረደውም፣ ከአፋር በረሃ የወጣውም፣ እሳቸውን ሳያማክር በሬ ገዝቶ አይነዳም ነበር። ልጃቸው አብረዋቸው ገበያ እየወረደ አደገና፣ ኋላ ልቡ ወደ ስፌት አደላ። አንድ ሲንጀር ገዝቶ፣ እሑድ እሑድ ሰንበቴ፣ ረቡዕ ረቡዕ ጨፋ ሮቢት፣ ዋርካ ሥር እየተቀመጠ ቀሚስና እጀ ጠባብ ይሰፋ ጀመር።

ሥራው መልካም ነበር፤ ክፉው መንገዱ ነው። ለእሑዱ ገበያ ቅዳሜ ተነሥቶ፣ ሲንጀሩን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ይሄድና ሰኞ ይመለሳል። ሚስቱ ሙሚና ልጃቸውን ስትወልድ ዳሌዋ ተጎድቶ ስለነበር ከጎረቤት አልፋ መሄድ አትችልም። ስለዚህ እሱ ሲሄድ እሷ ትቀራለች።

አንድ ቅዳሜ ሲነሣ የአራት ዓመቷን ልጃቸውን ዘሊካን ትንሽ አተኩሷት ነበር። ሰኞ ሲመለስ ጎረቤቶቹን ደጁ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ሲንጀሩን ከትከሻው ሳያወርድ፣ እንደቆመ ሰማ። ልጅቱ የተቀበረችው እሑድ ከቀትር በኋላ ነበር። እሱ በዚያ ሰዓት የሰው እጀ ጠባብ እየሰፋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገበያ መሄዱን ተወ። ሙሚና ሂድም አላለችው፣ አትሂድም አላለችው። ከሚሴ ግን ልብስ ሰፊ ሞልቶባታል፤ ሲንጀሩ ሥራ ፈትቶ የሚውልበት ቀን እየበዛ መጣ። ወይ ሙሚናን ብቻዋን ትቶ መሄድ፣ ወይ ሙያውን ትቶ የሰው ማሽላ ማረም ነበር የቀረለት። አብዶ ሁለቱንም አልፈለገም።

ሦስተኛውን መንገድ ያሳዩት መሐንዲሶች ናቸው። ያን ሰሞን መንገድ ሊጠግኑ የመጡ መሐንዲሶች ጎማ ባለው ቤት ውስጥ ያድሩ ነበር። አብዶ ለአንዱ የመስኮት መጋረጃ ሰፍቶለት ሊሰቅልለት ገባና አልጋውን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ መስኮቱን ሁለቴ አየ። እቤቱ እንደገባ ለሙሚና ያየውን ሁሉ ነገራትና፣ እኛም እንዲህ ያለ ቤት ሠርተን አንቺም እኔም ሲንጀሩም አብረን ገበያ እንውጣ አላት።

እሷም «ማን ይጎትተናል?» አለችው።

«ወንድምሽ።»

ወንድሟ አብዱሰላም በዚያው መንገድ እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሲጠየቅ ሳቀ፣ ግን እሺ አለ። የእንጨቱንና የብየዳውን ሥራ ገብረሥላሴ ያዘ። ገብረሥላሴ ከመንገዱ ዳር የብየዳና የእንጨት መሥሪያ የከፈተ፣ እጁም ምላሱም የሰላ ሰው ነው። ሐሳቡን ከሰማ በኋላ ሳንቃውንም፣ ቆርቆሮውንም፣ መስኮቱንም ለእኔ ተዉልኝ፤ ሻንሲውን ግን ልብ ብላችሁ ምረጡ አለ። ሻንሲ የሚሉት ጎማው ላይ የሚያርፈው፣ ጭነቱን ሁሉ የሚሸከመው የብረት አጽም ነው። እሱን ከተሳሳታችሁ፣ አለ ገብረሥላሴ፣ የእኔ ሥራ ከነባለቤቱ ገደል ገባ ማለት ነው።

የተጣሉት መኪናዎች ያሉበት ግቢ ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ቦርከና በሚወርደው ሜዳ ላይ ነበር። አንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ያልፈለገውን ዕቃ ሁሉ እዚያ ትቶ፣ ዋለ የሚባል አዛውንት እንዲጠብቀውና ፈላጊ ሲገኝ እንዲሸጠው አድርጎ ነበር። ዋለን ከግቢው ዕቃ ይልቅ የሚያሳስቡት የተቀደዱት የጭነት መኪና ሸራዎች ነበሩ፤ ሸራዎቹን የጠገነለት ሰው ግቢው ውስጥ ካሉት፣ መኪና ከኋላው ከሚጎትታቸው ተሳቢዎች አንዱን መርጦ ይውሰድ አለ። ለአብዶ ከዚህ የተሻለ ነገር አልነበረም።

ተሳቢዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው የውሃ በርሜል ይሸከም የነበረ፣ ባለ ሁለት ጎማ ነው። ገብረሥላሴ ጫፉ ላይ ወጥቶ አንዴ ቢዘል እንደ ሸንበቆ ተርገበገበ፤ ይህ የዶሮ ቤት ይሸከማል ብሎ ወረደ። ሁለተኛው ረጅም፣ ባለ አራት ጎማ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ቀለም የተቀባ ነው። ባሌስትራው፣ ያ ተደራርቦ ንዝረቱን የሚችለው የብረት ቅጠል፣ ግራሶ ተቀብቶ ያብለጨልጫል። ሦስተኛው ጥግ ላይ፣ ሣር ውስጥ ተቀብሮ ነበር። አጠር ያለ፣ ባለ አራት ጎማ፣ የሬንጅ ማፍያ በርሜል ሲሸከም ኖሮ ራሱም ሬንጅ በሬንጅ የሆነ። አንዱ ጎማው ተንፍሷል፤ የዋለ ዶሮዎች እላዩ ላይ ያድሩበት ነበር።

ማንም አይቶ የሚመርጠው ቀዩን ነው። ዋለም ያሞገሰው እሱን ነበር፣ ገብረሥላሴም እሱን ይሁን አለ። አብዶ ዞር ዞር ብሎ ዳበሰው፣ በዱላው ነካ ነካ አደረገው፣ ልቡ ወደደው። ዋለ ነገሩን ሊቋጭ እጁን ዘረጋ። አብዶ ግን ለሙሚና ሳልነግር እጅ አልመታም አለ። ሁለቱም ሳቁበት፤ ገብረሥላሴማ ልብስ ሰፊ ሚስቱን ሳያማክር አይሰፋም እንዴ ብሎ አፌዘበት።

ሙሚና ሽንብራ እየለቀመች አዳመጠችው። ስለ ቀለሙ ነገራት፣ ስለ ርዝመቱ ነገራት፣ ስለ ባሌስትራው ነገራት። እሷ ነገሩ ሲጠብቅባት ወደ ኦሮምኛው ትሄዳለች።

«ዴምሲፍቴ ኢላልቴ?» አለችው፤ አስኪደህ አየኸው ወይ ማለቷ ነው።

አብዶ ቃሉን አወቀው። የአባቱ ቃል ነበር። አባትየው በመጨረሻ ዘመናቸው እሷ ቤት ነበር የተጦሩት፤ ልጃቸው ገበያ ሲውል እሳቸው የገበያውን ወግ ሁሉ ለምራታቸው ሲያወሩላት ነው የኖሩት። የቆመ በሬ ሁሉ ሸጋ ነው ይሉ ነበር። አስኪደው። የኋላ እግሩ የፊቱን ኮቴ ረግጦ ከሄደ ወገቡ ደህና ነው። ወደ ጎን ከሳተ ግን አንድ ቀን ወገቡ ተጎድቶ የዳነ ነው፣ ሥጋው አያታልልህ።

«ብረት እኮ ኮቴ የለውም» አላት።

«ጎማስ የለውም?»

ሌሊቱን ዝናብ ዘንቦ አደረ። አብዶ ማልዶ ከአንድ የጨፋ ገበሬ ሁለት በሬ ተውሶ፣ ቀንበርና ጠፍር ይዞ ግቢው ደረሰ። ገብረሥላሴ በሬዎቹን ሲያይ ጥርሱን ገለጠ።

«ትላንት ቤት ልትሠራበት ነበር፣ ዛሬ ልታርስበት አሰብክ?»

«ላስኪደው ነው፣ ጋሼ ገብረሥላሴ።»

«ሻንሲ እንደ በሬ አይመረጥም።»

«እንግዲህ እኔ ሌላ አመራረጥ አላውቅም» አለ አብዶ።

ዋለ ፊቱ ጠቆረ። እጄን ዘርግቼ ካሳፈርከኝ ሌላ ዛሬ ደግሞ ዕቃዬን ትጠረጥራለህ ብሎ አጉረመረመ። ቢሆንም በሩን አልዘጋም። በሬዎቹ ቀዩን ተሳቢ ይዘው በጭቃው ሜዳ ላይ ቀጥ ብለው ሄዱ፤ ተሳቢውም እንደ ሙሽራ በቅሎ ተከተላቸው። አብዶ ግን ተሳቢውን አላየም። ከኋላ ጎንበስ ብሎ ዱካውን ብቻ እያየ ሄደ። የፊቱ ጎማ ያተመውን መስመር የኋላው ጎማ ስቶ፣ አንድ ጋት ያህል ወደ ግራ የራሱን መስመር አውጥቷል። ከአንገቱ ላይ ሜትሩን አውርዶ ለካ። ጥቂት እልፍ ብሎ እንደገና ለካ። ያው ነው።

ገብረሥላሴ መሳቁን ተወ። ሞረድ ይዞ ተሳቢው ሥር በጀርባው ገባና ቀለሙን ይፍቅ ጀመር። ብዙም አልቆየም። ከቀዩ ቀለም ሥር፣ ከወገቡ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ክንድ የሚሆን የብየዳ ጠባሳ ወጣ። ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተነሣና ጀርባውን እያራገፈ ወደ አብዶ መጣ።

«ተገልብጦ ተሰብሮ የተቃና ነው» አለ። «ቤትህን ጭኜበት ቢሆን፣ የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ለሁለት ይከፈል ነበር።» ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ አላየሁትም» አለ።

ዋለ አላውቅም ብሎ ማለ። እውነቱን ነበር፤ እሱ ሲቀጠር ተሳቢው ተቀብቶ ነው ያገኘው። ግን ሳይጠየቅ ሄዶ ዶሮዎቹን ከጥቁሩ ላይ አባረረ፣ ሣሩንም በራሱ ማጭድ አጨደለት።

ጥቁሩ ጎማው ተነፍቶ ሲጠመድ በሬዎቹ አንዴ ከበዳቸው። ከዚያ ነቅሎ ወጣ። አብዶ ከኋላ ተከተለ። አራት ጎማ ሄዶ ሁለት መስመር ብቻ ነበር በጭቃው ላይ ያለው፤ የኋላው ከፊተኛው ውስጥ ገብቶ፣ እንደ ጥሩ ስፌት። ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ አስኪዶ፣ አዙሮ መለሰው። ያው ሁለት መስመር። ገብረሥላሴ በመዶሻ ቢመታው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። የደረቀውን ሬንጅ በመሮ ፈንቅሎ ሲያይ ከሥሩ ያለው ብረት ዝገት አላገኘውም፤ ሬንጁ ያን ሁሉ ዓመት ከዝናብ ሸፍኖት ኖሯል።

«የፈላ ሬንጅ ተሸክሞ አገር ላገር የዞረ፣ ሁለት ሰውና አንድ ሲንጀር ምን ይለዋል» አለ ገብረሥላሴ።

አብዶና ዋለ እጅ ተማቱ።

ክረምቱን አብዶ ሸራ ሲሰፋ፣ ገብረሥላሴ ቤት ሲያቆም ከረሙ። ሳንቃው ከባሕር ዛፍ፣ ጣሪያው ከቆርቆሮ ሆነ። አንዱ ጎን ወደ ላይ ተከፍቶ ጥላ የሚሆን ሰፊ መስኮት ወጣለት። ጠፍር አልጋ ገባ። ሲንጀሩ ወለሉ ላይ በቡሎን ታሰረ፤ ለሙሚና ደግሞ ዝቅ ዝቅ ያሉ አራት ደረጃዎች ተሠሩ። ሻንሲውን ቀለም ቢቀቡት ሬንጁ አልቀበል አለ። የከተማው ሰው ማላገጡ አልቀረም፤ አንዳንዱ የሬንጅ ቤት፣ አንዳንዱ የአብዶ መርከብ ይለው ነበር። ገብረሥላሴ ግን የሚያላግጠውን ሁሉ ሥሩ ገብተህ እይ፣ ከዚያ ተናገር ይለው ጀመር።

መስከረም ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አብዱሰላም መኪናውን አምጥቶ ተሳቢውን አሰረ። እኅቱን ከጎኑ፣ ከጋቢናው ሊያስቀምጣት ነበር የፈለገው። ሙሚና ግን አራቱን ደረጃ በግድግዳው እየተደገፈች ወጥታ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ መንገዱ መጥፎ ነው፤ የመጀመሪያውን ጉዞ ከእኔ ጋር ሁኚ» አላት።

«አብሽር። አስኪደን ያየነው ነው» አለችው።

አብዶም ከጎኗ ተቀመጠ። ቀስ ብለው ሄዱ። ቤቱ ጉድጓድ ላይ ዘፍ ይላል፣ ባሌስትራው ተቀብሎ ይመልሰዋል። ቁልቁለት ላይ ሳንቃው ሲያቃስት አብዶ ትንፋሹን ያዘ፤ ከሥራቸው ያለው ብረት ግን ድምፅ አልነበረውም። ሙሚና የጨፋን ሸለቆ ከተዳረች ወዲህ አላየችውም ነበር። ማሽላው ራሱን አውጥቷል፣ ጤፉ ለምልሟል፣ ከብቱ በረግረጉ ዳር ተበትኗል። ያየችውን ሁሉ በስሙ እየጠራች ለባሏ ትነግረው ነበር፣ እሱ የማያውቀው ይመስል። እሱም መንገዱን በሳምንት ሁለቴ ሲመላለስበት የኖረ ሰው አልመሰለም፤ የምትለውን ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር።

እሑድ ጠዋት የሰንበቴ ገበያ ሰው ሲገባ ቤቱ ከዋርካው አጠገብ ቆሞ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ሲንጀሩ ይዘፍን ነበር። ሰው ከበበው። ደገኛው ጎማውን በዱላ መታ፣ ሴቶቹ አልጋውን ለማየት ተጋፉ። ግመሎቻቸውን ይዘው የቆሙ አንድ አፋር ሽማግሌ ዙሪያውን ዞረው አዩና አብዶን እንዲህ አሉት፦

«እኛ ቤታችንን በግመል ጭነን መዞር ከጀመርን ስንት ዘመናችን። ለእናንተ ገና ዛሬ ነው የገባችሁ?»

«ዘገየን፣ አባባ» አለ አብዶ፣ እየሳቀ።

«ደርሳችኋል» አሉት ሽማግሌው፣ ሽርጣቸው እንዲዘመዘምላቸውም አቀበሉት።

ያን ቀን ሥራ አልጠፋም። አብዶ ይሰፋል፣ ሙሚና ዳሩን ትዘመዝማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ከደንበኛ ጋር ዋጋ ትነጋገራለች፤ ከሷ ጋር የተከራከረ ገበሬ ሁሉ ተሸንፎ ነበር የሚሄደው። አሱር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ ደርሶ ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች ዕቃቸውን መጠቅለል ጀመሩ፣ የጭነት መኪኖቹም ጡሩምባ ይነፉ ጀመር። አንድ የመንዝ ሰው ሁለት ክንድ አቡጀዲ በትከሻው ጥሎ እየሮጠ ደረሰ። ገና በጉን አልሸጠም፤ ሸጦ ሳይመለስ ልብስ ሰፊው እንዳይሄድበት ጭንቅ ብሎት ነበር።

«እባክህ ወንድሜ፣ መቼ ነው የምትሄደው?» አለው።

አብዶ እግሩን ከሲንጀሩ ላይ አላነሣም።

«በግህን ሸጠህ ና፣ አትቸኩል» አለው። «ቤቴ ነኝ።»